ለአሮጊት ጉዲፈቻ የለም

ጋምቤላ፣ የስደተኞች ካምፕ
መጋቢት 12 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ሰይፈ ሚካኤል፣

እርስዎና እትዬ አበባየሁ እንዴት ከረማችሁ? የመቱ ሰው፣ ዝናቡ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው? እኔ በሕይወት አለሁ፤ ላቆየኝ ምስጋና ይግባው። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ያልጻፈች ልጅ ዛሬ በምን አፏ ሰላምታ ታቀርባለች ይሉ ይሆናል። ቢሉ እውነትዎን ነው።

ደቡብ ሱዳን፣ ማላካል ላይ የደረሰውን በሬዲዮ ሳይሰሙ አይቀሩም። ከተማው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲያልፍ ቤታችን ሁለት ጊዜ ተርፎ በሦስተኛው ተቃጠለ። ጥቂቱን በጀልባ፣ የቀረውን በእግር መጥተን ድንበሩን ተሻገርን። ባለቤቴ ጋትኮት ከእኛ ጋር የለም። በሚሠራበት ሆስፒታል ቁስለኞች ስለነበሩ «እናንተ ቅደሙ፣ እደርስባችኋለሁ» አለን። ያስተማሩት ልጅ ስለሆነ ያውቁታል፤ የጀመረውን ሳይጨርስ አይነሳም። እስካሁን አልደረሰም።

አብረውኝ ያሉት ሁለት ናቸው። አንዷ እናቱ ኛዳክ ናቸው። ዓይናቸው ደክሞ አሁን ብርሃንና ጨለማ ብቻ ይለያሉ። ሌላዋ ልጁ ኛማል ናት፤ ስምንት ዓመት ሊሆናት ነው። የወለደቻት በወሊድ ስለሞተች ከስድስት ወሯ ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። እማ የምትለውም እኔን ነው።

እዚህ ኔትወርክ የለም። ደብዳቤውን የሚያደርስልዎ በጋምቤላና በመቱ መካከል አውቶቡስ የሚነዳው አራርሳ ነው። ለቤታችን መክደኛ የሚሆን ላስቲክና ጥቂት ሳሙና ቢልኩልኝ ደግ ነው። ሌላ የምጠይቀው የለኝም።

ልጅዎ ሳያት


መቱ
መጋቢት 27 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለምወድሽ የወንድሜ ልጅ ለሳያት ምንዳዬ፣

ያሻገረሽ አምላክ ካለሽበት ደጃፍ አይለይ። አበባየሁና እኔ ደህና ነን። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። ሦስተኛውን ራሷ ይዛው ወደ ጓዳ ገባች፤ እስከ ምሳ አልወጣችም።

ስለ ጋብቻሽ ያኔ የተናገርኩት ነገር አለ። ዛሬ አላነሳውም። ጋትኮት ጎበዝ ተማሪ ነበር።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። አንቺ የአገሩ ዜጋ ነሽ፤ ወደ ቤትሽ ለመምጣት የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም። አራርሳ ሲመለስ ከእሱ ጋር ነይ። አማትሽና ሕፃኗ ግን በስደተኛነት ስለተመዘገቡ ከካምፕ የሚወጡት በፈቃድ ነው፤ የሚቀበላቸውም አካል በጽሑፍ መታወቅ አለበት። እኔ በቀበሌያችን ምክር ቤት አባል ስለሆንኩ ጉዳዩን በሚቀጥለው ስብሰባ አስይዛለሁ። እስከዚያ ድረስ በሻሽ ሸፋፍነሽ አውቶቡስ ላይ እንዳትጭኛቸው። ቡሬ ኬላ ላይ ቢመልሷቸው ሁለተኛ የምንጠይቅበት አፍ አይኖረንም። ነገር ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ አንቺ ትመጫለሽ፤ እነሱ ይከተላሉ።

ላስቲኩን፣ ሳሙናውንና አበባየሁ ያዘጋጀችውን በሶ ከአራርሳ ተቀበዪ።

አጎትሽ ሰይፈ ሚካኤል


ጋምቤላ
ሚያዝያ 23 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ፣

የትንሣኤው ደስታ በቤታችሁ ይደር። የዘገየሁት ወረቀት አጥቼ ነው። ላስቲኩን ዘርግተነዋል፤ ጎረቤቶቻችን ልብሳቸው እንዳይረጥብ እኛ ዘንድ እያመጡ ያስቀምጣሉ።

ኛማል በሶውን በጣቷ ነክታ «ይህ ምግብ ነው ወይስ አፈር?» አለች። ከቀመሰችው በኋላ ግን ቋጠሮውን ከአጠገቧ አልለየችም። አማቴ ስለ አገሬ ሲጠይቁኝ መቱ ጠዋት ጠዋት ጉም እንደሚወርድበት ነገርኳቸው።

«እንግዲያው ከብታችሁን በምን ታገኛላችሁ?» አሉኝ።

«በድምፅ» አልኳቸው።

«ይኸውልሽ፤ እኔ እዚያ ብሄድ ከማን አንሳለሁ?» ብለው ሳቁ። ከማላካል ከወጣን ሲስቁ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ለዓይናቸው የሚሆን ቅባት፣ ለኛማልም አንድ ደብተርና እርሳስ ቢገኝ ደስ ይለኛል። በመሬት ላይ በእንጨት እየጻፈች ነው። ፊደሉን እኔ ነኝ የማሳያት፤ እርስዎ ቢያዩት ቀይ ቀለም ይበዛበት ነበር።

ነይ ስላሉኝ ነገር ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። እትዬ በጣም ናፍቀውኛል።

ሳያት


መቱ
ግንቦት 19 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለሳያት፣

ሰላምታዬ ለሦስታችሁም ይድረስ። ቅባቱ በማዘዣ ነው የሚሸጠው ስላሉኝ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ደብተሩ ባለ ሁለት መስመር ነው፤ ለጀማሪ የሚሻለው እሱ ነው።

ምክር ቤቱ ተሰብስቧል። የሆነውን በተርታ ልንገርሽ። ንግግሬን እንደጨረስኩ የእህል ነጋዴው ቀኖ ተነሣ። «ጋሼ ሰይፈ፣ ጦርነቱን እኛ አልጀመርነውም። ስኳር እንኳ ለራሳችን ሰው በወረፋ ነው» አለ።

ኦቦ ዲንቃን ታስታውሻቸዋለሽ፤ ከላይ ሰፈር ያሉት፣ ጠብ ሲነሣ ሁሉም የሚፈልጋቸው ሽማግሌ። «ስኳር ማን ጠየቀህ?» አሉት። «የምንጠይቅህ በቆሎ ነው። እሱ መጋዘንህን ሞልቶ ነቀዝ እያበላህ ነው።» ሰው ሳቀ፤ ቀኖም ሳቀና ሦስት ኩንታል እሰጣለሁ አለ። ሌሎቹም አዋጡ። ለካምፑ በአጠቃላይ የሚሰጥ ስለሆነ በወረዳው መኪና ይላካል።

የእናንተ ነገር ግን ከበደ። ሊቀመንበሩ ስደተኛን ከካምፕ አውጥቶ ማስፈር ከቀበሌ ሥልጣን በላይ ነው አሉ። ልክ ናቸው። በዚያው ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ይደበድበው ጀመርና መደማመጥ ስላልቻልን ቁጭ ብለን ጠበቅን። ሲያባራ ኦቦ ዲንቃ በኦሮምኛ እንዲህ አሉ፦ «ልጅቷን ከመካከላችን አንድ ሰው በጉዲፈቻ ይውሰዳት። ከዚያ ወዲያ ስደተኛ አይደለችም፣ ልጃችን ናት። ልጅን ወደ አባቷ ቤት አትግቢ የሚል ሕግ ካለ አንብቡልኝ።»

«ወረዳውን መጠየቅ አለብን» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ጠይቅ። እኛ እየመረቅን እንጠብቅሃለን።»

ወረዳው ተስማምቷል፤ ካምፑም አይቃወምም ተብሏል። አበባየሁና እኔ ልጅ እንደሌለን ታውቂያለሽ። እኛ እንወስዳታለን። ኦቦ ዲንቃ ሥርዓቱን አስረድተውኛል። ከሥጋ ዘመዶቿ አንዱ በሽማግሌ ፊት በገዛ አፉ «ሰጠሁ» ማለት አለበት። ከዚያ በኋላ እናቷ አበባየሁ፣ አባቷ እኔ ነኝ፤ ግማሽ ልጅ የሚባል ነገር የለም። አማትሽን ጠይቂና ጻፊልኝ።

ስለ እሳቸው ስጠይቅ ቀኖ «አሮጊቷንስ በጉዲፈቻ ማን ይውሰዳቸው?» አለ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ።

«ለአሮጊት ጉዲፈቻ የለም» አሉ ኦቦ ዲንቃ። እሳቸው አልሳቁም።

አጎትሽ ሰይፈ ሚካኤል


ጋምቤላ
ሰኔ 24 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ፣

ክረምቱ በጤና ይለፍላችሁ። እዚህ ውሃው ከላይም ከታችም ነው የሚመጣው። የምንተኛበትን በጭቃ ከፍ አድርገን ደልድለነዋል።

ጉዳዩን ለአማቴ ነገርኳቸው። በሦስተኛው ቀን መጠየቅ ጀመሩ።

«ሰውዬው ይመታል?»

«ተማሪ ይመታ ነበር፤ እኔን ግን ነክቶኝ አያውቅም» አልኳቸው። ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፣ ውሸት አይሆንልኝም።

«ሴትዮዋስ?»

«ከእሱ በፊት የምትራራው እሷ ናት።»

«ላም አላቸው?»

«አንድ አለቻቸው።»

«አንድ ላም ላም አይባልም» አሉ። ቀጥለው ደግሞ «ውሃ የማይገባበት ቤት ነው?» አሉኝ። ኮረብታ ላይ ነው ብላቸው ኛማልን ጠርተው ፊቷን በሁለት እጃቸው ከግንባሯ እስከ አገጯ ዳሰሱት። «ሰጥቻታለሁ። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እደግመዋለሁ» አሉ።

የምለምንዎ ስሟን እንዳትለውጡባት ብቻ ነው። እስከዚያ ምንም አይላኩልኝ፤ ምንም አያስፈልገንም። መንገዱ ሳይቆረጥ ቶሎ ኑ።

ሳያት


መቱ
ሐምሌ 9 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለሳያት፣

ሰላምታዬን በአጭሩ ተቀበዪኝ። አራርሳ ትናንት ቤት ድረስ መጣ። «ጋሼ፣ ሳያት ከስታለች» አለኝ።

«ካምፕ ውስጥ ያልከሳ ማን አለ?» አልኩት።

«እንደ ሰው ክሳት አይደለም» አለ። ከዚያ ሁሉን ነገረኝ። ምዝገባ ላይ ኢትዮጵያዊት ነኝ ብለሽ ስለተናገርሽ የራሽን ካርድ አልተሰጠሽም። ከመጋቢት ጀምሮ ለሁለት ሰው የሚሰፈረውን ለሦስት ስትበሉ ኖራችኋል። በዚህ ሁሉ ደብዳቤ ስለዚህ አንድ ቃል አልጻፍሽልኝም። እውነት በመናገርሽ አልወቅስሽም፤ እንዲያ ብዬ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ። ከእኔ መደበቅሽን ግን ምን ልበለው?

ዓርብ ሐምሌ 18 ቀን ከኦቦ ዲንቃ ጋር እንደርሳለን። ሥርዓቱ በዚያው ዕለት ይፈጸማል፤ ቅዳሜ ከልጅቷ ጋር ትመለሻለሽ። ይህን እየጠየቅሁሽ አይደለም። ሁለት አልጋ ተዘርግቷል። አማትሽን ለጎረቤት አደራ እንላለን፤ እኔም መላ መፈለጌን አልተውም።

አጎትሽ


ጋምቤላ መናኸሪያ
ሐምሌ 19 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለጋሼ፣

ይህን ከኛማል ቋጠሮ ውስጥ ሲያገኙት አውቶቡሱ ጎሬን ሳያልፍ አይቀርም። ሙዝ ልግዛላት ብዬ የወረድኩት ልመለስ አልነበረም። አራርሳን አይቆጡት፤ እንዳይጠብቀኝ የነገርኩት እኔ ነኝ። ፊት ለፊት ብነግርዎ ምክንያትዎን ደርድረው ይረቱኝ ነበር።

አማቴ ሂጂ ብለውኛል፤ በቁጣ ነው ያሉኝ። ግን ውሃ የሚቀዳላቸው፣ እጃቸውን ይዞ ሜዳ የሚያወጣቸው ማነው? ጎረቤት ያሉት እያንዳንዱ የራሱን ይዞ ቆሟል። ጋትኮት እናንተ ቅደሙ ሲለን የእናቱን እጅ በእጄ አስይዞ ነው።

ትናንት የካምፑ ሠራተኛ «የልጅቷ ስም ካርዱ ላይ ቢቆይስ? ለሚቀሩት ይጠቅማል» ሲልዎ ሰምቻለሁ። እርስዎም «አንድ ልጅ በሁለት ቦታ አትመዘገብም፤ ይሰረዝ» አሉት። ሰውየው ዞሮ አየኝ፤ እኔም ዝም አልኩ። እኔም የምሄድ መስሎዎት ነውና አይጸጸቱ። ትክክል ነበሩ።

ኛማል ስታለቅስ እማ ነገ ትመጣለች አይበሏት። አትመጣም ይበሏት። ልጅ ቁርጡን ሲያውቅ እንቅልፍ ይወስደዋል። ቅጠል የመሰለ ነገር ካልለመደች አትበላም፤ ዓሣ ካገኙ ግን እሾሁን ራሷ ታወጣለች።

ሳያት


መቱ
መስከረም 8 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለሳያት፣

አዲሱ ዓመት ካንቺ የሆነ ወረቀት ያምጣልን። በነሐሴ የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች መልስ አላገኙም። አራርሳ ውሃው ስለበዛ ከጋምቤላ ከተማ ወደ ካምፑ የሚገባ መኪና የለም ይላል። ደብዳቤዎቹ እጁ ላይ ናቸው፤ ይህም ሦስተኛ ይሆናል።

ኛማል ደህና ናት። እንዳልሽው አትመጣም አልኳት። አላለቀሰችም። ሦስት ቀን አውቶቡስ ጡሩምባ በነፋ ቁጥር በሩ ላይ ቆመች፤ ከዚያ ተወችው።

ካርዱን በተመለከተ የተሰረዘው ስም እንዲመለስ ለካምፑ ጻፍኩ። ልጅቷ በአካል ካልቀረበች አይመለስም አሉ። ሕጉ እንደዚያ ነው። ሁለት ሰው በአንድ ሰው ስፍር እንዲኖር ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ያውም ትክክል ነገር እየሠራሁ። በትምህርት ቤት ዘመኔ ሁሉ ስሌቱ ልክ ሆኖ መልሱ የተሳሳተ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም ነበር።

ይህንኑ ለምክር ቤቱ ነገርኩ። ሊቀመንበሩ ሁለት ቀን ወረዳውንና ጤና ጽሕፈት ቤቱን ሲያስሱ ቆይተው ይህን ይዘው መጡ። በሽተኛ ስደተኛ ለሕክምና ሲላክ ከአስታማሚ ጋር የይለፍ ወረቀት ይሰጠዋል፤ የሚያስጠጋው ካለ ሕክምናው እስኪያልቅ ይቆያል። የአማትሽ ዓይን ይታከማል ማለት ነው፤ አስታማሚዋ ደግሞ አንቺ ነሽ። ምክር ቤቱ ከአዳራሹ ጀርባ ያለውን ክፍል ከካምፕ ለሚላኩ ሕሙማን ሁሉ መኖሪያ እንዲሆን ወስኗል።

ኦቦ ዲንቃ ዙሪያውን ቃኝተው «ይህ መጀመሪያ ቀን ለምን አልታየንም?» አሉ።

«እየሳቅን ነበራ» አለ ቀኖ። ከሰዓት በኋላ ፍራሽ በጋሪ አስጭኖ መጣ። ሲያወርደው ማንንም ቀና ብሎ አላየም።

ወረቀቱ ከዚህ ጋር ታሽጎ ተልኳል። ሁለታችሁም ኑ።

አጎትሽ ሰይፈ ሚካኤል


ጋምቤላ
ጥቅምት 28 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ፣

ለእርስዎ፣ ለእትዬና ለልጅቱ ሰላም እላለሁ። ሦስቱም ደብዳቤዎች በአንድ ቀን ደረሱኝ።

አማቴ ጳጉሜን 3 ቀን ዐርፈዋል። ሆዳቸውን ነበር ያመማቸው። ቀድመው ከድርሻቸው ወደ እኔ ሲገፉ፣ እኔም ወደ እሳቸው ስመልስ ነበር የከረምነው፤ ዓይናቸው ስለማያይ የማሸንፍ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ሳስበው ሲገፉልኝ የኖሩት ከእኔ የበለጠ ነው። ደረቅ መሬት ስላልነበረ በጀልባ ወስደን ራቅ ያለ ከፍታ ላይ ቀበርናቸው።

በየማታው «ኛማል ዛሬ ምን በላች?» ይሉኝ ነበር። እኔም እነግራቸዋለሁ። ወተት፣ በቆሎ እሸት፣ ማር፣ አንድ ቀን የዶሮ እግር። ውሸት አይሆንልኝም ያልኩዎ ሰው ስንት ምግብ ፈጠርኩ። «ዶሮውን አሁን አበዛሽው» አሉኝ፤ ግን በሚቀጥለው ማታም ጠየቁኝ።

ወረቀቱ የደረሰው እሳቸው ካለፉ ከወር በላይ ቆይቶ ነው። የክፍሉን ነገር አይተዉት፤ እዚህ ብዙ ዓይነ ስውር አለ።

ስለ ጋትኮት ምንም የለም። ከድንበር ማዶ ከናስር የመጡ ሰዎች የማላካሉ ሆስፒታል ሰው አልተረፈበትም ይላሉ። ያዩ አይደሉም፤ የሰሙ ናቸው።

አሁን ነይ ይሉኛል። የሚይዘኝ ነገር እንደሌለም አውቃለሁ። ግን አንድ ነገር እየተመላለሰብኝ ነው። በሽማግሌ ፊት በተባለው መሠረት እትዬ እናቷ፣ እርስዎ አባቷ ናችሁ። እኔ የወንድምዎ ልጅ ነኝ፤ በእጅዎ ያደግኩ። ታዲያ እኔ ምኗ ሆንኩ? እህቷ። እማ ብትለኝ እትዬን ይከፋቸዋል፣ ቃል የገባንበትም ይፈርሳል። እህቴ ብትለኝ ደግሞ፣ ጋሼ፣ እኔ በዚያ ቤት ውስጥ መቆም የምችል አይመስለኝም።

አንድ ነገር ብቻ ይጻፉልኝ፤ ሳያስተካክሉ፣ እንዳለ። ኛማል አሁን ምን ብላ ነው የምትጠራኝ?

ሳያት


መቱ
ኅዳር 13 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳያት፣

እግዜር ያጽናሽ። አበባየሁ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ሰነበተች፤ ኦቦ ዲንቃና ሊቀመንበሩም ቤት መጥተው ተቀመጡ። ቀኖ ደጅ ድረስ መጥቶ ሳይገባ ተመልሷል።

ለኛማል የነገርኳት እኔ ነኝ። አያቷ የተቀበሩበት ቦታ ውሃ ይገባው እንደሆነ ጠየቀችኝ። አይገባም፣ ከፍታ ላይ ነው አልኳት። ደብተሯን አውጥታ መጻፍ ቀጠለች። አበባየሁ በኋላ ስታየው ገጹ ሙሉ የሷ አገር ላሞች ናቸው፤ ቀንዳቸው ረጃጅም።

የጠየቅሽኝን እመልሳለሁ። እንዳለ ጻፍ ስላልሽ እንዳለ ነው።

ባለፈው ሳምንት የክፍል አስተማሪዋ ልጆቹ ቤተሰባቸውን በኦሮምኛ እንዲያስተዋውቁ የቤት ሥራ ሰጠች። ማንኛውንም ተማሪ እንደማስጠናው አስጠናኋት። በማግስቱ ልወስዳት ሄጄ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ተነሥታ እጇን አጣምራ፣ አባቴ ሰይፈ ሚካኤል፣ እናቴ አበባየሁ፣ እህቴ ሳያት አለች። አንድ ቃል አልሳተችም። ልጆቹ አጨበጨቡላት።

መንገድ ላይ «አባ፣ ልክ መለስኩ?» አለችኝ።

«ልክ ነው» አልኳት።

ጥቂት ከሄድን በኋላ እጄን ጎተተችኝ። «እማ ስትመጣ ግን እንዳትነግራት» አለችኝ።

አበባየሁ ይከፋት እንደሆነ ላልሽው፣ ይከፋታል። አልዋሽሽም። ክፍልሽን ያጠበችውም፣ አልጋሽን ከኛማል አልጋ ጋር ያገጣጠመችውም እሷ ናት።

አጎትሽ ሰይፈ ሚካኤል